በፈረስ የመጣ ፈቃድ

የወንድሜ ልጅ ትዕግሥት ቋንቋ ሠርታ መጣች።

ሰው ቤት ይሠራል፣ አጥር ይሠራል፣ ገንዘብ ሲተርፈው ደግሞ የማይጨርሰውን ፎቅ ይጀምራል። እሷ ቋንቋ ሠራች። እንጅባራ ውስጥ የቋንቋ እጥረት መኖሩን እስከዚያ ቀን አልሰማሁም ነበር። ገበያችን ውስጥ አንዱ በአማርኛ ጀምሮ በአዊኛ ይጨርሳል፣ ሌላው በአዊኛ ተከራክሮ በአማርኛ ይሳደባል። ባሉን ሁለት ቋንቋዎች ሳንግባባ ሦስተኛው ምን ያደርግልናል ብዬ ጠየቅኋት።

«የሰው ቋንቋ እኮ አይደለም እቴቴ። ለኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚጻፍበት ነው። ሌሎቹ ሁሉ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ የእኔ በአማርኛ ነው። አሳይ ሲሉት ያሳያል፣ ድገም ሲሉት ይደግማል።»

«ሲያዙት እሺ የሚል ነገር ከሆነ ዕድሜዬን ሙሉ ስፈልገው ኖሬያለሁ» አልኳት።

ስሙን ዘንገና ብላዋለች፤ ከከተማችን ወጣ ብሎ ባለው ሐይቅ ስም። ለምን ብዬ ብጠይቃት «ትንሽ ነው፣ ግን ጥልቅ ነው» አለች። ሐይቁን አውቀዋለሁ። ሰው ዳሩ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሣል እንጂ ዘሎ ሲገባበት አላየሁም። ይህን ግን በሆዴ ያዝኩት፤ ልጅቷ ፊቷ ገርጥቷል፣ የመጣችውም ለጨዋታ እንዳልሆነ ገብቶኛል።

ጉዳዩ ይህ ነው። ትዕግሥት በዚህ ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ትመረቃለች። የመመረቂያ ሥራዋ ይህ ቋንቋ ነው። አስተማሪዎቿ አንድ ደንብ አውጥተዋል፦ ሙያውን ያልተማረ አንድ ሰው፣ በገዛ ኮምፒዩተሩ ላይ፣ መመሪያውን ብቻ እያነበበ፣ ቋንቋውን ከምንጩ ገንብቶ፣ ጭኖ፣ አጭር ፕሮግራም ጽፎበት ማየት አለበት። ሠሪዋ ቁልፍ መንካት አትችልም። መመሪያው ላይ ያልጻፈችውን ምክር መስጠትም አትችልም። ያ ሰው ሰኞ ጠዋት ፈታኞቹ ፊት ቀርቦ የሆነውን ይመሰክራል። ካልቀረበ፣ ጓደኞቿ ጋውን ሲለብሱ እሷ ከዳር ቆማ ታጨበጭባለች፤ የራሷ ምርቃት ለመጪው ዓመት ይተላለፋል።

«ሌላ ሰው አጣሽ?»

«ጓደኞቼ ሁሉ የሚማሩት ይህንኑ ነው። እናቴ ኮምፒዩተር የላትም። የጎረቤታችን ልጅ እሺ ብሎኝ ነበር፤ ትናንት ላፕቶፑን ሸጦ ስልክ ገዛበት።»

ቀኑ እሑድ ነው።

እኔ ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ዳንግላ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ተቀጥሬ፣ እዚያው ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የሌላውን ሰው ሐሳብ ሳልረዳው በንጽሕና መጻፍ ሙያዬ ነበር። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ከእኔ የተሻለ ሰው ሊገኝ እንደማይችል አሰብኩ።

«ከምንጩ መገንባት ማለት ምንድን ነው?»

«እኔ የጻፍኩትን እንዳለ እሰጥዎታለሁ። ኮምፒዩተርዎ እሱን አንብቦ የሚሠራ ነገር ያወጣበታል።»

«ተሠርቶ አይመጣም?»

«ይመጣል። ግን የእኔ ኮምፒዩተር ላይ ስለሠራ የሰው ላይ ይሠራል ማለት አይደለም።»

ነገሩን ለራሴ እንዲህ አድርጌ አስረዳሁት። አናጢ ቤት ሄደው ወንበር ያዝዛሉ። አናጢው ግንድ፣ መጋዝና አንድ ወረቀት ያስይዝዎታል። «ወንበሬ ጥሩ መሆኑን የማውቀው እርስዎ ቤት ሲሠራ ነው» ይልዎታል። እንዲህ ያለ አናጢ እኛ ሰፈር ቢኖር ሁላችንም ቆመን ነበር የምንበላው። ዩኒቨርሲቲው ግን ያስመርቀዋል።

ኮምፒዩተሬን ከፈትኩ። ትልቅና አሮጌ ነው፤ ሲነሣ እንደ ወፍጮ ያጓራል። የዕድር ደብዳቤ እጽፍበታለሁ፣ ካርታ እጫወትበታለሁ። ከዚህ የበለጠ ጠይቄው አላውቅም፤ እሱም በዚሁ ተስማምቶ ነበር። ትዕግሥት ፍላሹን ሰካች፤ ይህን ደንቡ ይፈቅዳል አለች። ከዚያ ከወንበሬ ኋላ ቆማ እጆቿን ብብቷ ሥር ቀበረቻቸው።

መመሪያው መጀመሪያ መገንቢያውን ፕሮግራም ይጫኑ ይላል። የተጻፈውን ትእዛዝ አንድ ፊደል ሳልስት ጻፍኩ። ማሽኑ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። የራሴን ሰጠሁት። ትንሽ አሰበና በእንግሊዝኛ መለሰልኝ። የተማርኩት እንግሊዝኛ ለብዙ ነገር አልጠቀመኝም፤ ስድብ ለመረዳት ግን ይበቃል። ያለኝ ይህን ነው፦ እርስዎ ከተፈቀደላቸው ሰዎች ውስጥ አይደሉም፤ ይህ ድርጊት ሪፖርት ይደረጋል።

በገዛ ቤቴ። በገዛ ወንበሬ። መብራቱን የምከፍለው እኔ።

«ሪፖርት የሚደረገው ለማን ነው?»

ትዕግሥት ከንፈሯን ነከሰች። «መመሪያው ላይ ስለሌለ መናገር አልችልም።»

«ፖሊስ ይመጣል?»

«እቴቴ!»

«አይመጣም ማለት ነው?»

ጣሪያውን አየች።

ወረቀቱን ወረድ ብዬ ሳነበው አንዲት መሥመር አገኘሁ። «ኮምፒዩተሩ ፈቃድ ከከለከለዎ አስተዳዳሪውን ያነጋግሩ» ትላለች። ልጅቷ ይህን ስትጽፍ ቀላል ነገር የጻፈች መስሏት ነበር።

የኮምፒዩተሬ አስተዳዳሪ ታረቀኝ ነው። ታረቀኝን ደግሞ አላነጋግረውም።

ታረቀኝ የሟቹ ባሌ ታናሽ ወንድም ነው፤ ግቢያችን በአጥር ይዋሰናል። ስሙን ሲያወጡለት ለወላጆቹ ምን እንደታያቸው አላውቅም። ድሮ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረው። ቤቱን ሲዘጋ አንዱን ኮምፒዩተር ለወንድሙ ሰጠ። ሲሰጥ ግን «እንዳታበላሹት» ብሎ አስተዳዳሪነቱን ለራሱ አስቀረ። እኛ እንድንጽፍበት እንጂ እንድናዝዝበት አልተፈቀደልንም። ባሌ በሕይወት ሳለ ይህ ችግር አልነበረም፤ ታረቀኝ በየቀኑ ማታ ማታ እኛው ቤት ነበር የሚቀመጠው።

ከዚያ ዲከረንስ የሚሉት ዛፍ መጣ። እኛ አገር አሁን እርሻውም ጓሮውም ዲከረንስ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ከሰል ይወጣዋል፣ ያልተከለ ሰው እንደ ሰነፍ ይታያል። ታረቀኝም ተከለ። የተከለው አጥሩን ተጠግቶ ነው። ዛፉ አደገ፣ ቅርንጫፉ አጥሩን ዘለለ፣ የድንች መደቤ ፀሐይ ማየት አቆመ። አንድ ሁለቴ ነገርኩት። «አየዋለሁ» አለኝ። በየቀኑ ሲያየው አየሁት። ለዘመድ ሠርግ አዘና ከተማ የሄደ ቀን መጋዝ ያለው ሰው ጠርቼ ወደ እኔ የመጣውን አስቆረጥኩ።

ሲመለስ ደጄ ላይ ቆሞ፣ ሰፈሩ እየሰማ፣ «እግሬ የዚህችን ሴት ግቢ ቢረግጥ የአባቴ አጥንት ይውቀሰኝ» ብሎ ማለ። እኔ በሩን ዘጋሁ። እነሆ ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት እንኳ እሱ ከድንኳኑ በስተቀኝ፣ እኔ በስተግራ ነን። ነገር ካለን በሦስተኛ ሰው እንነጋገራለን። ቅርንጫፉም በዚህ መካከል መልሶ አድጓል።

ሐጂ ኡመርን ጠራሁ። ሐጂ የዳንግላ ሰው ናቸው፤ እዚህ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ሥራቸው ግን ማስታረቅ ነው፤ ጨርቅ የሚሸጡት በትርፍ ሰዓታቸው ነው። በባጃጅ ከች አሉ።

«አልሐምዱሊላህ፣ በመጨረሻ ልትታረቁ ነው?»

«እርቅ አልፈልግም ሐጂ። የይለፍ ቃል ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ያለ እርቅ?»

«ያለ እርቅ።»

«እትዬ፣ እኔ በዛፍ የተጣላ አስታርቄያለሁ፣ በድንበር የተጣላ አስታርቄያለሁ። ተጣልቶ ለመቆየት ሽማግሌ የሚልክ ግን ዛሬ ገና አየሁ» አሉና ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ።

ተመለሱ።

«ኮምፒዩተሩ ደህና ነው ወይ ብሏል።»

«ደህና ነው በሉት።»

ሄዱ፤ ተመለሱ።

«አቧራው ይጠረጋል ወይ ብሏል።»

«ሐጂ!»

«እኔ መልእክተኛ ነኝ። የይለፍ ቃሉን ለሚስቱም አልነገረም፤ ለእርስዎም አይነግርም። ራሱ ይጽፈዋል። ግን መሐላ አለበት፣ ግቢዎ አይገባም። ኮምፒዩተሩ ይምጣልኝ ብሏል።»

«አንድ መሰላል በውሰት ወደዚያ ሄዶ ነበር» አልኩ። «እስካሁን በመንገድ ላይ ነው።»

ሐጂ መካከለኛ መንገድ አመጡ፦ ኮምፒዩተሩ በረንዳ ላይ ይውጣ፣ መጻፊያ ሰሌዳው ብቻ በአጥሩ ላይ ይተላለፍለት። በረንዳ ላይ በርጩማ አደረግን፣ ኤሌክትሪኩን ከሳሎን በረጅም ገመድ አወጣን። መጻፊያውን ይዤ ወደ አጥሩ ብራመድ ሽቦው የድንቹ መደብ ሳይደርስ አለቀ። አጥሩ ገና ማዶ ነው። መጻፊያውን ታቅፌ ቆምኩ። ከአጥሩ ወዲያ የታረቀኝ ባርኔጣ ይታያል።

«ሐጂ» አልኩ፣ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ልጅቷ ሳትመረቅ ብትቀር በአንድ ዛፍ ምክንያት ነው በሉት።»

«ሐጂ» አለ ባርኔጣው፣ «በዛፍ አይደለም፣ በመጋዝ ነው በሏት።»

እስከዚያ ደንብ አክብራ ዝም ያለችው ትዕግሥት በረንዳው ላይ ሆና ጮኸች። «ጋሼ! እኔ ዛፍም መጋዝም አልነካሁም! ሰኞ ነገ ነው!» ድምፅዋ መጨረሻው ላይ ተሰበረ።

ባርኔጣው ተሰወረ። ሐጂ ወደ እኔ አዩ፣ እኔ ወደ ድንቹ አየሁ። ልጅቷ አፍንጫዋን በትከሻዋ ጠረገች፤ አሁንም እጇን ከብብቷ አላወጣችም። ሁሉም አበቃ ብዬ ሳስብ የውጭው በር ተንኳኳ፤ ያንኳኳው ግን ሰው አልነበረም፤ ኮቴ ነው።

ሐጂ ከፈቱ። ታረቀኝ በዳማ ፈረሱ ላይ ተቀምጦ ገባ።

እኛ አገር ፈረስ ያለው ሰው የፈረሱን ጌጥ የሚያወጣው ለበዓል፣ ለሠርግና ለትልቅ ሰው ቀብር ነው። ታረቀኝ ሁሉንም አውጥቶታል። የፈረሱ ግንባር ላይ ያለው ቀይ ክር ይወዛወዛል፣ ልጓሙ ያብረቀርቃል። የይለፍ ቃል ሊጽፍ የመጣ ሰው እንዲህ ለብሶ አይቼ አላውቅም።

«ሐጂ» አለ፣ ከኮርቻው ላይ ቁልቁል እያየ፣ «እኔ የማልኩት እግሬ አይረግጥም ብዬ ነው። የረገጠው ዳማው ነው። ዳማው አልማለም።»

ሐጂ ጢማቸውን ዳበሱ። የፈረሱን አራት እግሮች አዩ፣ እርካቡ ላይ ያሉትን ሁለት እግሮች አዩ። «ፈረስን የሚያስገድድ መሐላ የለም» ብለው ፈረዱ። ቀጥለውም እኔ ሳልጠይቃቸው ሁለተኛውን ጉዳይ አነሡ፤ ሥራውን መሥራት ያለብኝ እኔ ብቻ ከሆንኩ፣ ታረቀኝ መጻፉ ደንብ አያፈርስም ወይ? «የቤት ቁልፍ የያዘ ሰው በሩን ከፈተ እንጂ ወጡን አልሠራም» አሉ። ዳኛ ሆነው ቢሆን ይህች ከተማ መዝገብ አይከማችባትም ነበር።

ዳማው በረንዳውን ተጠጋ። መጻፊያውን በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ ያዝኩለት። ታረቀኝ ማንም እንዳያይበት ጋቢውን ራሱ ላይ ጣለና ከነመጻፊያው ተሸፈነ። ከውስጥ ሲነካካ ይሰማል። ማሽኑ ስሕተት ነው አለ። ደገመ። ስሕተት ነው።

«ሐጂ፣ ትንሽ ቀና አድርጋ ትያዝ በሏት።»

«ሐጂ፣ ሰው በጨለማ ሲጽፍ እንዲህ ነው በሉት።»

በሦስተኛው ጋቢው ትንሽ ገለጥ አለ፤ ብርሃን ገባ፤ ማሽኑ እሺ አለ። መገንቢያው ከፍላሹ ላይ ገባ። ቀጥሎ መመሪያው «ገንባ» ብለው ይጻፉ ይላል፤ ጻፍኩ። የማላውቃቸው መሥመሮች በስክሪኑ ላይ እየተንጋጉ ይወርዱ ጀመር።

«ምን እያለ ነው?» አሉ ሐጂ።

ሁላችንም ትዕግሥትን አየን። አንገቷን ነቀነቀች። ነገር ግን ፈገግ አለች፤ ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነው።

ያን ጊዜ ዳማው ሰለቸውና አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለ። ኮቴው ገመዱን ያዘ፣ ገመዱ ከግድግዳው ተነቀለ፣ ኮምፒዩተሩ እንደ ደከመ ሰው ተንፍሶ ዝም አለ። ትዕግሥት ሁለት እጆቿን አፏ ላይ አደረገች። ዳማው ወደ ድንቹ ቅጠል ዞረ።

«ሐጂ፣ ፈረሱን ይግራ በሉት!»

«ሐጂ፣ ገመድ መሬት ላይ የሚጎትት ማነው በሏት!»

እንደገና ሰካን፣ እንደገና አስነሣን፣ እንደገና ፈቃድ ጠየቀ፣ እንደገና ጋቢ። የግንባታው ነገር ከመጀመሪያው ጀመረ። ትዕግሥት ደጋግማ ወረቀቱን ታያለች፤ ስለ ፈረስ ምንም አልጻፈችም። አሁን ታረቀኝ መሄድ አይችልም፣ መጨረሻ ላይ ሲጫን ደግሞ ፈቃድ ይጠየቃል ይላል መመሪያው። መውረድም አይችልም። ከኮርቻው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ከባድ ነገር መጣብኝ። የተኳረፍኩት ሰው ይሁን፣ የማለ ሰው ይሁን፣ ግቢዬ ገብቶ የተቀመጠ ሰው ሳይበላ አይወጣም። እናቴ እንዲህ ነው ያሳደገችኝ። ለተኳረፉት ሰው ማብሰል ይቻላል፤ በፈረስ ላይ ላለ ሰው ግን እንዴት እንደሚቀርብ ማንም አላስተማረኝም። ድንች ቀቀልኩ፤ ከዚያው ፀሐይ ካጣው መደብ የወጣ፣ እንደ ዕንቁላል ያነሰ ድንች። ከዳጣ ጋር በሰሐን አድርጌ በርጩማ ላይ ወጥቼ አቀረብኩለት።

ድንቹን በጣቱ አንሥቶ አገላብጦ አየው።

«ሐጂ፣ ድንቹ ለምን እንዲህ አነሰ በሏት።»

ቀና ብዬ ቅርንጫፉን ብቻ አየሁ። እሱም ቀና ብሎ አየ። ከዚያ በላ። ዳጣው ዓይኑን አስነባው፤ ዳጣው ነው።

እንጅባራን የሚያውቅ የሚቀጥለውን ያውቃል። ጉሙ ወረደ፣ ዝናቡ ተከተለው። እኛ በረንዳው ሥር ገባን። ታረቀኝ ከነጌጡ ውጭ ቀረ። በረንዳው ለሰው እንጂ ለፈረሰኛ አልተሠራም። ቀዩ ክር ተጣበቀ፣ ባርኔጣው አፈሰሰ። «ውረድ እንጂ» አሉት ሐጂ። «ማልኩ» አለ። ውኃው በአፍንጫው ይወርዳል። እኔ ስክሪኑን እያየሁ ነው፤ መሥመሮቹ ይወርዳሉ፤ ሰማዩ ሲያጉረመርም መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ መብራት ከሄደ የትዕግሥት ነገር አለቀ። ግን በዓይኔ ጫፍ ያ ሰውዬ ይታየኛል። ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው።

«ሐጂ» አልኩ፣ «ጆንያ የለውም ወይ በሉት።»

ገባቸው። ትዕግሥት በዝናቡ ሮጣ ከታረቀኝ ቤት የከሰል ጆንያ አመጣች፤ ጆንያ መሸከም ቁልፍ መንካት አይደለም። ሐጂ ከፈረሱ ሥር እስከ በረንዳው አነጠፉት። «ጆንያው የማን ነው?» ብለው ጠየቁ፣ ለሥርዓቱ። «የእኔ» አለ ታረቀኝ። «እንግዲህ በራስህ ንብረት ላይ ነው የምትቆመው» አሉት። ወረደ። በገዛ ጆንያው ላይ፣ በግቢዬ ውስጥ፣ ግቢዬን ሳይረግጥ ቆመ። እንዲህ የመሰለ ነገር ከጡረታ በፊት አጋጥሞኝ ቢሆን በሥራ ብዛት ነው እል ነበር።

ግንባታው አለቀ። ታረቀኝ የመጨረሻውን ፈቃድ ጻፈ። ዘንገና ተጫነ።

አሁን የቀረው ፕሮግራሙ ነው። «አጭር ፕሮግራም ይጻፉ፤ ቢያንስ አንድ ከሆነ እና አንድ አለበለዚያ ይኑረው» ይላል ወረቀቱ። ጣቶቼን ቁልፉ ላይ አስቀመጥኩ። ምንም አልመጣም። ዕድሜዬን ሙሉ የጻፍኩት ሌላ ሰው የነገረኝን ነው።

«ሐጂ» አለ ታረቀኝ ከጆንያው ላይ፣ «ዛፉ የታረቀኝ ነው ብላ ትጻፍ በሏት።»

«ሐጂ፣ ጥላውስ የማን ነው በሉት።»

«ዝም በሉ ሁለታችሁም!» ሐጂ ከዘራቸውን በረንዳው ላይ መቱ። «እትዬ፣ እኔ ልናገር፣ እርስዎ ይጻፉ። ቅርንጫፉ አጥሩን ያለፈ ከሆነ፣ አሳይ፣ ይቆረጥ። አለበለዚያ፣ አሳይ፣ አይነካም።»

ጻፍኩ።

«የሚቆርጠው ማነው?» አለ ታረቀኝ። «ባለቤቱ ይባልልኝ። የሌላ ሰው መጋዝ አይነሣም ይባልልኝ።»

«ባለቤቱ አየዋለሁ ብሎ ሳያይ ሲቀርስ?» አልኩ።

«እንግዲያው ያም ይግባ» አሉ ሐጂ። በአንዱ ከሆነ ውስጥ ሌላ ከሆነ ገባ፤ በእሱ ውስጥ ደግሞ ሌላ። ባለቤቱ ካለ ራሱ ይቆርጣል። ባለቤቱ ከሌለ እስኪመለስ ይጠበቃል። ተመልሶ ካልቆረጠ ጎረቤት ይቆርጣል፣ እንጨቱ ግን የባለቤቱ ነው። ስንከራከርበት ለኖርነው ነገር ይህ ብቻ ይበቃው ነበር። ትዕግሥት በቋንቋዋ ውስጥ ይህ ሁሉ ሲታጨቅ እያየች ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ትዘላለች።

«አስኪድ» የሚለውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ማሽኑ እምቢ አለ። አሁን ግን በአማርኛ ነው የመለሰልኝ፤ «የተከፈተ ነገር አልተዘጋም» ይላል። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ሁሉም ቃል እንደተነገረኝ አለ። ትዕግሥት ታውቀዋለች፤ ከፊቷ አየሁ፤ ጥፍሯን እየበላች ነው፤ መናገር አትችልም። መብራቱ ብልጭ አለ።

«እትዬ፣ አበቃ ረስተዋል!»

ታረቀኝ ነው። አጠገቤ ቆሞ በጣቱ ስክሪኑን ይጠቁማል። «ከሆነ ሲጀምሩ አበቃ ብለው ይዘጋሉ እንጂ! ወረቀቱ ላይ እዚህ ጋ አለ፣ ያውልዎ! ሦስት ከፍተው አንድም አልዘጉም!»

እትዬ ያለኝ ከተጣላን ወዲህ ገና ያን ጊዜ ነው። ሐጂን አላማከረም። ዝቅ ብዬ አየሁ። ጆንያው ኋላ ቀርቷል፤ እግሩ በረንዳዬ ላይ ነው፣ ከነጭቃ ጫማው። ሐጂም አይተዋል፤ ወዲያው ዝናቡን ማየት ጀመሩ፤ ዝናብ አይተው የማያውቁ ይመስል።

«አየሁት» አልኩና ሦስቱንም ዘጋሁ።

ማሽኑ «ይቆረጥ» አለ።

«አላህ ይመስገን» አሉ ሐጂ። «ፍርዴን ሳይከራከር ሲፈጽምልኝ ያየሁት ይህን ብቻ ነው።»

ትዕግሥት እጆቿን ፈታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔ መተቃቀፍ ብዙም አልወድም፤ መነጽሬ እንዳይወድቅ ያዝኩት።

ሰኞ ጠዋት ፈታኞቹ ፊት ቀረብኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፈረሱንም ጆንያውንም አልደበቅኩም። አንዱ ፈታኝ መሐረብ አውጥቶ ፊቱን ሸፈነ። ሌላዋ ኮስተር ብላ «ከመመሪያው የቱ መሥመር ከበደዎ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አስተዳዳሪውን ያነጋግሩ የሚለው» አልኳት።

ትዕግሥት አለፈች፤ መመሪያውን እንድታስተካክል ብቻ አዘዟት። አሁን «የሚያስፈልጉ ነገሮች» የሚለው ሥር፣ ከመገንቢያው ፕሮግራምና ከማይቋረጥ መብራት ቀጥሎ፣ «ከአስተዳዳሪው ጋር የሚነጋገሩ መሆንዎን አስቀድመው ያረጋግጡ» የሚል ገብቷል። ጋውን ለብሳ ፎቶ ስትነሣ ከጎኗ ቆምኩ። ታረቀኝም ነበር። ዳማውን ይዞ መግባት ከልክለውት ከበሩ ላይ ተጨቃጭቆ ነው የመጣው።

ቅርንጫፉን ቆረጠው። ራሱ፣ በፍርዱ መሠረት። ቆርጦ ወደ እኔ ግቢ ጣለው። ምነው ብዬ ብጠይቀው «ፕሮግራሙ የት ይጣል አይልም» አለኝ። ትዕግሥት አንድ ከሆነ እንጨምርበት አለች።

ኮምፒዩተሩ አሁንም ፈቃድ ይጠይቃል። እሷ ቋንቋውን በየጊዜው ታሻሽላለች፤ በተሻሻለ ቁጥር መጫን አለበት፤ በተጫነ ቁጥር በአጥሩ ላይ እጣራለሁ። ታረቀኝ እያጉረመረመ በእግሩ ይመጣል፣ ጋቢውን ይከናነባል፣ ይጽፋል። ከዚያ ይቀመጥና እስኪመሽ ድረስ ስለ ድንቼ አስተያየት ይሰጣል።

ባለፈው ሳምንት እሱ ከወጣ በኋላ ትዕግሥት ጠጋ አለችኝ።

«እቴቴ፣ ፈተናው ስላለቀ አሁን መናገር እችላለሁ። የይለፍ ቃሉን ያለ ጋሼ ታረቀኝ መቀየር ይቻላል። ሁለት መሥመር ብቻ ነው። አሁኑኑ ልቀይርልዎት?»

«ሁለት መሥመር ከሆነ» አልኳት፣ «አያስቸኩልም።»